ወረራ፦ ተራ የማይጠበቅበት የሰንጠረዥ መክፈቻ



ከጣና በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በደብረ ታቦር፣ በራስ አሊ ዘመን የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ አገራችን ሰንጠረዥ ጽፏል። መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አሰባስቦ አቀረበ። እኔ ዛሬ የማተኩረው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ በመክፈቻው፣ ማለትም በወረራ።

በቼዝ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ይጠብቃል። በሰንጠረዥ ግን የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የቻሉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ የባላጋራን አሰላለፍ እያዩ የራሳቸውን ያፈርሳሉ፣ መልሰው ይገነባሉ። አንዱ ሲማርክ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል።

በወጣትነቴ ቼዝ የለመድኩ በመሆኔ ይህን እንደ ሥርዓት አልባነት እቆጥረው ነበር። ተሳስቻለሁ። ምክንያቱ ያለው በጠጠሮቹ አካሄድ ላይ ነው። መደቅ ከመነሻውም ቢሆን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፈርዝ በሰያፍ ከአንድ ቤት አያልፍም። ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ ስለዚህ ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዘገምተኛ ሠራዊት በተራ ቢጓዝ እስኪገናኝ ድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ለዚህ ችግር ዓለም ሦስት መፍትሔዎች አበጀ። ዐረቦች ታቢያ የተባሉ የታወቁ አሰላለፎችን አዘጋጁ። አውሮጳውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ንግሥቲቱንና ጳጳሱን አፈጠኑ። የእኛ አባቶች ግን ጠጠሮቹን ሳይነኩ ተራውን አነሡ።

ውጤቱም ቀላል አይደለም። የቼዝ መክፈቻ እየተጠና ሄዶ በቃል የሚሸመደድ ሆነ፤ ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 የኋላውን ረድፍ በዕጣ የሚያሰልፍ ጨዋታ ያቀረበው ይህን ለመሸሽ ነበር። ወረራ ግን ለሽምደዳ አይመችም፤ የሚፈልገው ንቁ ዓይንና መቼ መማረክ እንደሚገባ የሚያውቅ ልቡና ነው። ቀድሞ የማረከ አሰላለፉን በዚያው ያጸናል፤ የዘገየም ባላጋራው በመረጠው ሰዓት ይያዛል።

አሳሳቢው ነገር ይህ ነው፦ የቼዝ አመዘጋገብ በተራ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ወረራን ሊይዘው አይችልም። ሕጉ በጽሑፍ ቢተርፍም ጥበቡ የሚኖረው በተጫዋቹ እጅ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምለምነው፣ በየቤታችሁ ሰንጠረዥ የሚያውቅ አረጋዊ ካለ ሕጉን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ገበታውን ዘርጉለት፣ ተቀምጣችሁ ተሸነፉ፣ እጁንም በፊልም ቅረጹ።