ላፕቶፕ ከመተኛቱ በፊት የሚከፍለው ዱቤ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ክዳኑን ስትዘጉት ቶሎ አልተኛ ስለሚል ላፕቶፕ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልደታ ኮንዶሚኒየም እህቴ ቤት አምሽቼ ነበር። ልጇ እዚያው ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ አርክቴክቸር ትማራለች። በማግስቱ የምታስረክባቸውን ሥራዎች ከእኔ ላፕቶፕ ወደ ፍላሿ ገለበጥኩላት። 900 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የኮፒው መስመር ግን ወዲያው ሞላ። «አለቀልሽ» አልኳትና ክዳኑን ዘጋሁ።

ላፕቶፑ አልተኛም። መብራቱ እንደበራ፣ ፋኑ እንደዞረ ነው። አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። መሽቷል፣ ታክሲም ሊጠፋብኝ ነው። ፍላሹን ነቅዬ ሰጠኋት። ወዲያው ላፕቶፑ ጭጭ አለ።

ጠዋት ደወለች። «ጋሼ፣ ሁለቱ ፋይሎች አልከፈት አሉኝ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የላፕቶፑ አልተኛ ማለትና የፋይሎቹ መበላሸት ምክንያታቸው አንድ ነው። ደግነቱ ዋናዎቹ ፋይሎች እኔ ዘንድ ስለነበሩ ከማስረከቢያዋ ሰዓት በፊት ደረስንላት። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ።

የሰፈር ሱቅ ዱቤን አስቡ። ልጅ ልካችሁ ስኳር ታስመጣላችሁ። ስኳሩ ቤት ገብቷል፣ ሻዩም ፈልቷል። ሒሳቡ ግን ገና ባለሱቁ ደብተር ላይ ነው።

የእኔ ላፕቶፕ የሚሠራበት ሊኑክስም እንዲሁ ያደርጋል። ራም በሰከንድ ብዙ ጊጋባይት ይቀበላል። ርካሽ ፍላሽ ደግሞ በሰከንድ 8 ሜጋባይት ቢጽፍ ነው። ስለዚህ ሲስተሙ ፋይሉን መጀመሪያ ራም ላይ ይቀበልና ለኮፒው ፕሮግራም «ጨርሰሃል» ይለዋል። ወደ ፍላሹ የሚጽፈው ቀስ እያለ ከጀርባ ነው። ራም ላይ ያለው፣ ዲስክ ላይ ግን ገና ያልተጻፈው ቁራጭ «ደርቲ ፔጅ» ይባላል። እያንዳንዱ ብዙ ጊዜ 4 ኪሎባይት ነው። ዱቤው ማለት እነሱ ናቸው።

የዱቤው ጣሪያ የሚለካው በመቶኛ ነው። በተለመደው ቅንብር፣ ነፃ ሊሆን ከሚችለው ሚሞሪ 10 በመቶው በዱቤ ሲያዝ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ከጀርባ መክፈል ይጀምራል። 20 በመቶ ሲደርስ ጻፊውን ፕሮግራም ያዝ አድርጎ «መጀመሪያ ክፈል» ይለዋል። የእኔ ላፕቶፕ ራም 8 ጊጋባይት ነው። ከዚያ 5ቱ ነፃ ቢሆን 20 በመቶው 1 ጊጋባይት ነው። ይህን በሰከንድ 8 ሜጋባይት እየጻፉ ለመጨረስ ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

መቶኛው የመጣው የኮምፒውተር ሚሞሪ በሜጋባይት ይቆጠር ከነበረበት ዘመን ነው። ያኔ 20 በመቶ ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ይኸው የፍላሽ ችግር በሊኑክስ አበልጻጊዎች መካከል ሲነሳ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ መቶኛው ጊዜው እንዳለፈበት ተናግሯል።

አሁን ወደ ክዳኑ እንመለስ። ስትዘጉት ከርነሉ መጀመሪያ ያለበትን ዱቤ ሁሉ ይከፍላል። ቀጥሎ ፕሮግራሞቹን ባሉበት ያቆማል። ለዚህ 20 ሰከንድ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ አልቆም ያለ ፕሮግራም ካለ መተኛቱን ይተወዋል። ዘግታችሁ ቦርሳ ውስጥ የከተታችሁት ላፕቶፕ ቤት ስትደርሱ የሚፋጀው፣ ባትሪውም የሚያልቀው አንዳንዴ በዚህ ነው። ሁሉም ከቆሙ በኋላ ያለው፣ ዕቃዎቹን አጥፍቶ ራሙን ብቻ በትንሽ ኃይል ማቆየት፣ ቶሎ ያልቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው ሒሳብ መዝጋቱ ነው።

መፍትሔው ዱቤው እንዳይከማች ማድረግ ነው። ኡቡንቱ ወይም ሌላ ሊኑክስ ለምትጠቀሙ፦

1. የከርነሉ ቅንብሮች በሚጻፉበት የሲስሲቲኤል ፋይል ውስጥ «ደርቲ ባይትስ» የሚባለውን 67108864 አድርጉት። 64 ሜጋባይት ማለት ነው።

2. «ደርቲ ባክግራውንድ ባይትስ» የሚባለውን 33554432 አድርጉት። ይህ 32 ሜጋባይት ነው። እነዚህ ሲሞሉ መቶኛዎቹ ራሳቸው ዜሮ ይሆናሉ፤ አትደንግጡ።

3. ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱ። አሁን ፍላሹ ላይ ሊኖር የሚችለው ዱቤ ቢበዛ የ8 ሰከንድ ገደማ ነው።

4. ቅንብር መንካት ካልፈለጋችሁ ፍላሹን ከመንቀላችሁና ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ተርሚናል ላይ «ሲንክ» የምትባለውን ትእዛዝ ጻፉ። ፊደሎቿ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ ናቸው። ሁሉም እስኪከፈል ዝም ብላ ትቆያለች፤ ስትመለስ ሒሳቡ ተዘግቷል።

ለውጡን ለማየት ላፕቶፑ ከእንቅልፉ ሲነቃ የከርነሉን መዝገብ ክፈቱና «ፋይልሲስተምስ ሲንክ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ተጽፏል።

ይህን ክፍያ ከነጭራሹ የሚያስቀር ቅንብርም አለ። አልመክራችሁም። ላፕቶፑ ቶሎ ይተኛል፣ ዱቤው ግን ራም ላይ ይቀራል። ተኝቶ ሳለ ባትሪው ካለቀ ወይም ፍላሹ ከተነቀለ ሥራችሁ ጠፋ ማለት ነው።

ዊንዶውስ የምትጠቀሙም ነገሩ ይመለከታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ቅጂ 1809 ጀምሮ ለፍላሽ የሚመረጠው «ኩዊክ ሪሙቫል» ነው፤ ፍላሽ በዱቤ አይጻፍም። ይህን ቀይራችሁ ከሆነ ወደነበረበት መልሱት።

መብራት ሄዶ ባትሪያችሁ ደካማ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ሃይበርኔት ነው፤ ሚሞሪውን ዲስክ ላይ ጽፎ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። ሊኑክስ ግን ከመጻፉ በፊት የሚሞሪውን ግልባጭ እዚያው ራም ላይ ስለሚሠራ ከግማሽ በላይ የተያዘ ራም አይመቸውም። የተረፈውን መጀመሪያ ዲስክ ላይ ወዳለው መጠባበቂያ ቦታ፣ ወደ ስዋፕ፣ መግፋት አለበት፤ ጊዜው የሚሄደውም እዚያ ነው። ስለዚህ ሃይበርኔት ከማለታችሁ በፊት ብዙ ታብ የተከፈተበትን ብራውዘር ዝጉ።

ትናንት እህቴ ቤት ተመልሼ እነዚያኑ ፋይሎች በአዲሱ ቅንብር ገለበጥኩ። መስመሩ እየተጎተተ ወደ 2 ደቂቃ ፈጀ። ልጅቷ «ጋሼ፣ ዛሬስ ዘገየ» አለችኝ። ፍላሹ ድሮም የሚጽፈው በዚሁ ፍጥነት ነበር፤ አሁን ግን መስመሩ የሚያሳየው ከሞላ ጎደል በእርግጥ የተጻፈውን ነው። ሲሞላ ፍላሹን በደንቡ አውጥቼ ሰጠኋትና ክዳኑን ዘጋሁ። ቦርሳዬን ሳነሳ ላፕቶፑ ተኝቷል። እሷም ፋይሎቹን በራሷ ኮምፒውተር አንድ በአንድ ከፍታ አየቻቸው። ሁሉም ተከፈቱ።