«ቁጭ በይ፣ አይድከምሽ» ስንል

እንደ እኔ እማዬ የመርሳት በሽታ የያዘው ወላጅ ቤታችሁ ካለ ይቺን አንብቡልኝ።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሲባል ብዙ ሰው ማሳጅ ወይም ስፖርት ይመስለዋል። ፊዚዮቴራፒ የእማዬን ጉልበት ያያል። ይሄኛው ግን «ጠዋት ተነስታ ምን ትሠራለች? የቱ ጋ ስትደርስ ይጠፋባታል? ማን አለ አጠገቧ?» ብሎ ይጠይቃል። የሄደውን ትዝታ አይመልስም። በቀረው አቅም እንድትሠራ ሥራውንና ቤቱን ያመቻቻል፤ አስታማሚውንም ያሠለጥናል።

ቡና ማፍላትን እንውሰድ። ለእኛ አንድ ሥራ ነው። ለእማዬ ግን መልቀም፣ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ መጣድ፣ ገንፍሎ ሳይፈስ ማውረድ ነው፤ የሚምታታባትም ተራው ነው እንጂ እጇ አልረሳም። የእጅ ልማድ ከትናንቱ ወሬ ይልቅ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ሰፌዱን ብቻ አቀርብላታለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ነገር አይኖርም። የተበላሸውን ፍሬ ከእኔ ቀድማ ታወጣዋለች። እሳቱ የእኔ ነው። ስኒ ላይ ስንደርስ «ረከቦቱን አዘጋጂ» አልላትም፤ አንዷን ስኒ እጇ ላይ አድርጌ ቦታውን አሳያታለሁ፣ የቀረውን ራሷ ትደረድራለች። የማትደረድርበት ቀንም አለ። ያን ቀን እተወዋለሁ።

ጎረቤት ይቆጣኛል፤ «እኚህን ሴትዮ ታሠሪያለሽ?» እያለ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ማክበር ማለት ከሥራ ማሳረፍ ነው። የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው ግን ያልተሠራበት ችሎታ ቶሎ ይሄዳል። ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ በር መነካካት ይጀምራል፤ ቀጥሎ «ቤቴ ልሂድ» ይመጣል።

እኛ በምንኖርበት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከቤት ወጥቶ መጥፋት ቀልድ አይደለም። ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጤነኛውም የሰው በር ያንኳኳል። በራችን ላይ ከሩቅ የሚታይ ቀይ ጨርቅ ሰቅያለሁ፤ የሽንት ቤቱ መብራት ሌሊቱን አይጠፋም። ለጥበቃውና ለባለሱቁም ነግሬያለሁ። ደብቆ መያዝ አይጠቅምም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ሞድ ግራፍና ባልደረቦቿ 135 የመርሳት በሽታ ታማሚዎችን ከአስታማሚዎቻቸው ጋር በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንዱ ወገን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ቤት ድረስ እየሄደ በ5 ሳምንት 10 ጊዜ ሠራ። ታማሚዎቹ የዕለት ሥራቸው ተሻሻለ፤ አስታማሚዎቹም «እችለዋለሁ» የሚል ስሜት አደረባቸው። በ12ኛው ሳምንት ሲለካም ለውጡ አልጠፋም። እኔን የገረመኝ የአስታማሚዎቹ ነገር ነው።

እኛ አገር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሙያውን ማስተማር ጀምሯል፤ ባለሙያው ግን ገና ጥቂት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ወላጃችሁን ሐኪም ይያቸው። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድብርትም መርሳት ያመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ።

ወንድሞቼ፣ ይሄን ቻናል እንደምታዩ አውቃለሁ። «እንዴት ናት?» ብላችሁ ከምትደውሉ ቅዳሜ ከሰዓት ኑና ቡና አስለቅሟት። እኔም ውሃ ከመጣ ገላዬን ልታጠብ።