የአውቶሞቢል መብራት በጋምቤላ መንገድ

ከጎሬ ደጋ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛ፥ ከ2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ተነሥቶ በባሮ ወንዝ ዳር 500 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ቆላ ይደርሳል። በቀድሞው ዘመን በክረምት ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣበት ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙውን መንገደኛ ከቤቱ የሚያደርሰው አውቶሞቢል ነው።

በዚህ አገር በበጋ አቧራው፥ በክረምት ጭቃው፥ በሌሊትም በራሪው ነፍሳት በመብራቱ ፊት ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈውም እድፍ ብርሃኑን ይቀንሰዋል፤ ይበትነዋልም። በመንገድ ዳር በእግሩ የሚሄደው ሕፃንና ከብቱን የሚነዳው እረኛ ግን መብራት የላቸውም፤ ደኅንነታቸው በነጂው ማየት ላይ ነው።

ስለዚህ ከጉዞ በፊትና በየዕረፍቱ አስቀድሞ ውሃ በማፍሰስ አሸዋውን ማውረድ፥ ከዚያም በሳሙና ውሃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ማበስ ይገባል። የዛሬ ዘመን መብራት ፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በደረቅ ጨርቅ ቢፈትጉት አሸዋው ይቧጭረዋል፤ ጭረቱም በእጥበት አይለቅም።

ዐውሎ ነፋስ አቧራ ባስነሣ ወይም ዶፍ በወረደ ጊዜ ረጅሙን መብራት ማብራት አይጠቅምም፤ ብርሃኑ ከአቧራውና ከዝናሙ ተመልሶ የነጂውን ዓይን ይመታልና። አጭሩን አብርቶ በዝግታ መንዳት፥ ፈጽሞ የማይታይ ከሆነም ከመንገዱ ወጥቶ መቆም ይሻላል።

የቤት እመቤትም ስንቅ ስታሰናዳ አንድ ጀሪካን ውሃና ንጹሕ ጨርቅ እንድትጨምርበት እናሳስባለን። ቤተ ሰብ የሚደሰተው ፈጥኖ በመጣው ሳይሆን በደኅና በገባው ነው።