«ጊዜ የለኝም» ለሚሉ አባቶች

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የብዙ አባወራዎችን የደም ግፊት ለክቻለሁ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ «እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ከወለድኩ ወዲህ ጊዜ የለኝም።»

ውሸት አይደለም። ኡራኤል አካባቢ የሚኖር አባት ጠዋት ልጆች ያደርሳል፣ ቀኑን ወንበር ላይ ወይም መሪ ጨብጦ ይውላል፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃል። ቤት ሲገባ የሚያምረው ሶፋው ነው። ቦርጩም በዚህ መሃል ቀስ እያለ ይመጣል።

ችግሩ የደም ግፊት ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት መቆየቱ ነው። ስትሮክ አንድ ጎኑን ሲያዝለው ገና ግፊት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አለ። ያን ጊዜ የሚታመመው አባት ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ክፍያውና የቤት ኪራዩም አብረው ይታመማሉ።

ታዲያ ምን ያህል እንቅስቃሴ ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። 150 ደቂቃ በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። መካከለኛ ማለት እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ የልጆች አባት ነበር። የእሱ ግን ሥራው ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ፈጠን ያለ እርምጃ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። «ስፖርት ልሥራ» ብሎ እሁድ ጠዋት ከቤት የሚጠፋ አባት የልጆቹን ሸክም በሙሉ ለባለቤቱ ጥሎ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ቅሬታ የሚፈጥር ስፖርት ደግሞ ብዙም አይዘልቅም። ስለዚህ ልጆቹን ይዘው ይውጡ። ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን መስቀል አደባባይ በእግር ሩቅ አይደለም። ማለዳ ደረጃውን ይዘው ሶምሶማ ከሚሮጡት መሃል ልጆቹ ሲሯሯጡ እርስዎም ደረጃውን ይውጡ፣ ይውረዱ። እናትም ያን ሰዓት ታርፍበታለች፤ በሌላው ቀን ደግሞ እርስዎ ቤት ሆነው እሷ ትውጣ፤ የእሷም ልብ ልብ ነው።

በሥራ ቀን ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ በሊፍት ፈንታ ደረጃ መጠቀም ይቻላል። ማታ ከልጆች ጋር ገመድ መዝለል፣ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ከወንበር ላይ ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ የገንዘብ ወጪ የለውም። በጾም ወቅት ከበድ ያለውን እንቅስቃሴ ወደ መፈሰኪያው ሰዓት ያቅርቡት። ሥጋና ቢራ ማዘውተር ግን የሳምንቱን ልፋት ያበላሻል።

ከመጀመርዎ በፊት ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ። የደም ግፊትዎ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒት «ስፖርት ጀምሬያለሁ» ብለው አያቋርጡ። ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብለው የኖሩ ከሆነ በቀን ከ10 ደቂቃ ይጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ። በመሃል ደረትዎን ከጨነቀዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ራስዎን ካዞረዎት ወዲያው ያቁሙና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ልጆች ምክር ከሚሰሙ ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። ሲራመድ ያዩት አባት ልጆች መራመድን እንደ ቤተሰብ ወግ ይዘውት ያድጋሉ።