ያረጁና በእጅ የተሠሩ የጠመንጃ ጥይቶችን ስለ መለየት

ጠመንጃ መጠገን የሚወድ፣ ሞረድና ጉጠት ከእጁ የማይለይ ሰው በሞት ሲለይ፣ ለልጆቹ ከሚተወው ንዋይ መካከል ብዙ ጊዜ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይገኛል፤ በውስጡም ርዝመታቸውና ውፍረታቸው የተለያየ፣ ከፊሎቹ አረንጓዴ ዝገት የበላቸው፣ ከፊሎቹ ትናንት የተወለወሉ የሚመስሉ ጥይቶች ያለ አንዳች ጽሕፈት ተደባልቀው ይቀመጣሉ። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ እያንዳንዳቸውን በመዳሰስ ያውቃቸው ነበርና መጻፍ አላስፈለገውም፤ ወራሹ ግን የሚያነበው ቢፈልግ የሚያገኘው በቀለሁ ግርጌ የተመታውን ማኅተም ብቻ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ እውነቱን አይመሰክርም።

ጥይት አረር፣ ባሩድ፣ ቀለህና እሳት ሰጪው ትንሽ ቆብ ሆኖ ከአራት ነገር የተሠራ ነው። ከአራቱ ታሪክ የሚናገረው ቀለሁ ነው፤ ባሩዱ ይቃጠላል፣ አረሩ ይሄዳል፣ ቀለሁ ግን ተለቅሞ እንደ ገና ይሞላል።

ይህን ለማየት ከሀገራችን ርቆ መሄድ አያሻም። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ብንወስድ፣ የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት የያዘው ስናድር 14.7 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ ቀለሁም ከስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ የብረት ግርጌ የተገጠመለት ስለ ነበር፣ ከሌላው ሁሉ በዚህ ጥቅልልነቱ ይታወቃል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ ከግብጽ ሠራዊት የማረኩት ረሚንግተን ባለ 11.43 ሚሊሜትር ሆኖ የቀለሁ ርዝመት 50 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ኢጣልያኖች ለአድዋ ጦርነት ያመጡት ቬተርሊ ደግሞ 10.35 በ47 ነው። ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ዘንድ የተስፋፋው ግን ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ ከሚሉት ስሙን ያገኘው ወጅግራ ነው፤ በ1874 የወጣው ይህ ጠመንጃ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር በወረቀት ተጠቅልሎ ከ5 ግራም በሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ይተኮስበት ነበር። ጥይት በዚያ ዘመን እንደ አሞሌ ጨው በገበያ እየተቈጠረ እንደ ገንዘብ ይሰጥና ይቀበሉበት ስለ ነበር፣ የተተኮሰውን ቀለህ የሚጥል ሰው አልነበረም፤ ባለሙያው ድኝንና ከሰልን ናይትር ከተባለው ጨው ጋር ቀምሞ ባሩድ ያዘጋጅ፣ እርሳስም አቅልጦ አረር ያፈስ ነበር። ስለዚህ በእጅ የተሞላ ጥይት በእኛ ዘንድ የቅርብ ጊዜ እንግዳ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ጥይት በአጉሊ መነጽር ቀርበን ስንመለከተው ምልክቱን አይሰውርም። ያልተሸፈነው የእርሳስ አረር በሁለት ጎኑ የማፍሰሻ ቅርጹ ሁለት ገጾች የተጋጠሙበትን ቀጭን መሥመር ያሳያል፤ የቀለሁ አፍ በመቆንጠጫ የተጨበጠ ከሆነ ዙሪያው እኩል አይሆንም፤ የቆቡ ጠርዝ ደግሞ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ የደረሰበትን ጭረት ይዞ ይቀራል። ባዶ ቀለህ የተገኘ እንደ ሆነም ወደ ውስጡ ብርሃን አብርቶ የእሳት ማስገቢያውን ቀዳዳ መቍጠር ይገባል፤ በመካከሉ አንድ ብቻ ከሆነ የእንግሊዛዊው የቦክሰር ሥርዓት ነው፣ ሁለት ትንንሽ ከሆኑ የአሜሪካዊው የበርዳን ነው። የሚያስደንቀው የእንግሊዛዊው ፈጠራ በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው በአውሮፓ መጽናቱ ሲሆን፣ ባለ አንድ ቀዳዳው በቀጭን ዘንግ ቶሎ ስለሚገፋ፣ በእጅ የሚሞሉ ሰዎች እርሱን ይመርጣሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ምሥጢር እንምጣ። በግእዝ የብራና መጻሕፍታችን ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም እንደሚጻፍ እናውቃለን፤ በቀለህ ላይ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ አካሉ ይለወጣል፣ የቀድሞው ስም ሳይፋቅ ይቀራል። ይህንንም የሚያደርጉት በጓዳ የሚሠሩ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ፖል ቪዬይ በ1884 ጢስ አልባውን ባሩድ ባገኘ ጊዜ ፈረንሳይ በችኰላ በ1886 ያወጣችው የለበል ጥይት የወጅግራው ቀለህ አፉ ወደ 8 ሚሊሜትር ጠቦ የተሠራ ነው። የግል ባለሙያዎች የተራቀቁበት ሀገር ግን አሜሪካ ናት። እዚያ በ1906 የወጣው 30-06 የተባለው የጦር ጥይት ቀለሁ ርካሽና ብዙ ስለ ነበር፣ አዶልፍ ኒድነር በ1920 ገደማ አንገቱን አጥብቦ ባለ 6.5 ሚሊሜትር አረር አደረገው፤ ረሚንግተን ኩባንያ ይህንኑ 25-06 ብሎ በፋብሪካ ያወጣው ግን በ1969 ነው። በመካከሉ ባለፈው ግማሽ ምእት ዓመት በየቤቱ የተሠራው ሁሉ በግርጌው 30-06 የሚል ማኅተም ይዞ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ፓርከር አክሊን የመሰሉት ደግሞ ጥይቱን በሰፋ የጠመንጃ ማጉረሻ ውስጥ በመተኮስ ብቻ የቀለሁን ትከሻ እያቀኑ ብዙ ዓይነት ፈጥረዋል።

እንግዲህ ስሙ ሲዋሽ እውነተኛው ምስክር ልኩ ነው። በካሊፐር በመጀመሪያ የግርጌውን ከንፈር፣ ቀጥሎ ከከንፈሩ በላይ ያለውን የአካል ውፍረት፣ ከዚያ የቀለሁን ርዝመት፣ በመጨረሻም አረሩን ራሱን መለካት ይገባል፤ ከንፈሩ የመጀመሪያውን ዘር፣ አረሩ የኋለኛውን ሥራ ይነግራልና። ከንፈሩ 12 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 63 ሚሊሜትር ሆኖ አረሩ 7.8 ሲሆን ጥይቱ 30-06 ራሱ ነው፤ 6.5 ከሆነ የኒድነር ልጅ ነው፤ 9.1 ከሆነ ደግሞ 35 ዊለን የተባለው ነው። ርዝመቱ 57 ከሆነ ከንፈሩ ያው 12 ገደማ ቢሆንም ወገኑ የማውዘር ነው። ከንፈሩ 11.4 ሆኖ ርዝመቱ 52 የሆነ፣ የኢጣልያ ካርካኖ ነው። እነዚህን ቍጥሮች የፍራንክ ባርነስ መጽሐፍ፣ በ1965 ከታተመ ጀምሮ በየጊዜው እየታደሰ፣ በሰንጠረዥ ሰብስቦ ይዟል። ጠመንጃው አብሮ የተወረሰ ከሆነም ባለሙያ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ልዩ ብረት በማጉረሻው ውስጥ አፍስሶ፣ ሲረጋ አውጥቶ፣ የውስጡን ልክ ከጥይቱ ጋር ያስተያያል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። የጀርመን 7.92 ማውዘር ራሱ በ1888 የነበረው አረሩ 8.08፣ ከ1905 ወዲህ ያለው 8.2 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ሰፊውን በጠባቡ አፈሙዝ መተኮስ ግፊቱን አብዝቶ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ቀለህ ጢስ አልባውን በዚያው ልክ የሞላ ሰው ካለ፣ የሠራው የገዛ እጁን የሚነጥቅ ነገር ነው፤ ውስጡን ከውጭ ማንም አያውቅም። ናሱ ደግሞ ያረጃል፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በህንድ በዝናም ወራት በፈረስ ጋጣ የተቀመጠ ጥይት ሳይነካ ይሰነጠቅ ነበርና፣ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ በ1921 ተረጋገጠ። በጥንቱ ቆብ ውስጥ የነበረው ሜርኩሪም ከተተኮሰ በኋላ ወደ ናሱ ገብቶ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ያደርገዋል። እኔ የሌላ ሰው እጅ የሞላውን ጥይት፣ የቅርብ ዘመድ እንኳ ቢሆን፣ መተኮስ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ነገር ፍቅርም ዝምድናም ዋስ አይሆኑም።

ነገር ግን አይጣሉም። እንዲህ ያለ ሣጥን የደረሰህ ወንድሜ፣ የደረሰሽ እኅቴ፣ ጥይቶቹን አትተኵሱ፣ አትፍቱ፣ ከእሳትና ከእርጥበት አርቁ፤ በሕግ ጠባቂና በባለሙያ እስኪታዩ ድረስ ሣጥኑ እንደ ተገኘ ይቈይ፤ በክዳኑ ላይ ወይም በወረቀት ቍራጭ ላይ የሟቹ እጅ የጻፈው አንድ ቍጥር እንኳ ካለ፣ ከጥይቶቹ እንዳይለይ ከእነርሱ ጋር አኑሩት።