ከዜሮ በታች የዘነበ ዝናብ፦ በነጻ መረጃ የአየር ሁኔታ ካርታ ስንሠራ የተማርነው

“ነገ ይዘንብ ይሆን?” የሚለው ጥያቄ በአገራችን ለወግ ያህል ብቻ የሚነሳ አይደለም። ዘሩን ይዞ እርሻውን የሚመለከት፣ ያጨደውን የከመረ፣ የወቃውን በአውድማ ያሰጣ ሁሉ ሰማዩን ቀና ብሎ እያየ ይጠይቀዋል። ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆኑ ቁጥሮች በየ6 ሰዓቱ ተሰልተው፣ ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ፣ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣሉ። ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ቁጥሮቹን አውርዶ የራሱን የአየር ሁኔታ ካርታ ሊሠራ ይችላል። ካሜሮን ቤካሪዮ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለምን ነፋሳት በእንቅስቃሴ የሚያሳይ ድረ ገጽ ለብቻው ሠርቶ ያወጣው በእነዚሁ ነጻ ቁጥሮች ነበር።

እኛም በ2014 ዓ.ም. ከሦስት የፊዚክስ ተማሪዎች ጋር በመሆን የኢትዮጵያን የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ድረ ገጽ መሥራት ጀመርን። በዚህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደተሠራና እንደተሻሻለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ስህተታችን ምን እንዳስተማረን ለአንባቢያን እናካፍላለን።

ከሪቻርድሰን እስከ ዛሬ

የአየር ሁኔታ ትንበያ በመሠረቱ የፊዚክስ ስሌት ነው። የኒውተን የእንቅስቃሴ ሕግ፣ የሙቀትና የጋዝ ሕጎች፣ እንዲሁም የአየርና የውኃ መጠን ከምንም አይፈጠርም፣ በከንቱም አይጠፋም የሚለው ሕግ በአንድነት ይሠራሉ። የዛሬው ግፊት፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ ከታወቀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚሆነውን ማስላት ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ በተሟላ ሁኔታ የሞከረው እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ በአምቡላንስ አገልግሎት ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. የግንቦት 20 ቀን 1910ን አየር መነሻ አድርጎ የ6 ሰዓት ትንበያ በእጁ አሰላ። ስሌቱ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀበት። ውጤቱ የአየር ግፊት በ6 ሰዓት ውስጥ በ145 ሄክቶፓስካል ይጨምራል የሚል ሲሆን፣ በዕለቱ ግን ግፊቱ ከነበረበት እምብዛም አልተነቃነቀም ነበር። በተፈጥሮ ሊሆን የማይችል ቁጥር ነው። ሪቻርድሰን ይህን ውጤት አልደበቀውም፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ አቀረበው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1950 ጁል ቻርኒ፣ ጆን ፎን ኖይማንና ባልደረቦቻቸው ኤኒያክ በተባለው ኮምፒዩተር የ24 ሰዓት ትንበያ ሲያሰሉ ሥራው ራሱ 24 ሰዓት ያህል ወሰደ። ዛሬ ጂ.ኤፍ.ኤስ. በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ መንግሥት የትንበያ ሞዴል መላውን ዓለም በቀን አራት ጊዜ እያሰላ እስከ 16 ቀን ድረስ ይተነብያል። የእኛ ካርታ የተመሠረተውም በዚሁ ሞዴል ላይ ነው።

መረጃው ለምን ነጻ ሆነ?

ምክንያቱ አየር ድንበር የማያውቅ መሆኑ ነው። የትኛውም አገር በራሱ ጣቢያዎች ብቻ የራሱን ነገ መተንበይ አይችልም። በመሆኑም የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳለፈው ውሳኔ አገሮች መሠረታዊ መረጃዎችን በነጻና ያለ ገደብ እንዲለዋወጡ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2021ም ይህንኑ መርሕ አስፍቶ አጸደቀው። የጂ.ኤፍ.ኤስ. ውጤት ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሥራ በመሆኑ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል።

እንግዲህ “ነጻ” ሲባል “የተለገሰ” ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ሞዴሉ የሚነሳባቸው ልኬቶች ከሳተላይቶች፣ ከአውሮፕላኖች፣ ከፊኛዎችና በየአገሩ ከሚገኙ የምድር ጣቢያዎች ይሰበሰባሉ። በአገራችንም ማልዶ ተነስቶ ቴርሞሜትር የሚያነብ የጣቢያ ሠራተኛ የዚህ ልውውጥ ባለድርሻ ነው።

መረቡና የመረቡ ዓይን

ሞዴሉ ለሕዝብ የሚያቀርበው መረጃ ምድርን በሩብ ዲግሪ ርቀት በተሰመሩ የኬክሮስና የኬንትሮስ መስመሮች እንደ መረብ ይሸፍናታል። የመረቡ አንድ ዓይን በእኛ አካባቢ ከጎን ወደ ጎን 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመላው ዓለም አንድ ፋይል ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሚመዝን በዘገምተኛ ኢንተርኔት ማውረዱ የሚታሰብ አይደለም። ደግነቱ መረጃውን የሚያሠራጨው ሰርቨር የሚፈለገውን ቦታና የሚፈለገውን መጠን ብቻ ቆርጦ ለመውሰድ ይፈቅዳል። ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን አራት ማዕዘን ብንወስድ 49 በ61፣ ማለትም 2,989 ነጥቦች እናገኛለን። እያንዳንዱ ቁጥር በ2 ባይት ቢጻፍ አንድ የሙቀት ካርታ 6 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም።

የተቀረው ሥራ በነጻ የሚገኙ መሣሪያዎችን ማገጣጠም ነበር። ፋይሉን የሚያነበውና የሚያሰላው ፕሮግራም በፓይተን ተጻፈ፤ ካርታውን በድረ ገጽ ላይ ለማሳየት ሊፍሌት የተባለው መሣሪያ፣ ለመንገዶችና ለከተሞች ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ኦፕንስትሪትማፕ አገለገለን። የመጀመሪያው ካርታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታየ። በጣም ያምር ነበር፤ እውነተኛ ለመሆን ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ ዓይን ውስጥ

የመጀመሪያው ችግር ሙቀት ላይ ታየ። ደሴና ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር የሚራራቁት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለቱም በመረቡ በአንድ ዓይን ውስጥ ይወድቃሉ፤ ካርታችንም ተቀራራቢ ሙቀት ሰጣቸው። ይሁን እንጂ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከደሴ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሁሉ ካፖርቱን የሚያወልቅበትን ልዩነት ካርታችን አያውቀውም ነበር። ሞዴሉ ተራራውንና ሸለቆውን አማካይ አድርጎ ለስልሶታልና።

መፍትሔው ከፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ተገኘ። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። በሞዴሉ ውስጥ የቦታው ከፍታ 2,200 ሜትር ነው እንበል። ደሴ ከዚያ በ300 ሜትር ስለምትበልጥ 2 ዲግሪ ያህል እንቀንስላታለን፤ ኮምቦልቻ በ350 ሜትር ስለምታንስ 2.3 ዲግሪ ያህል እንጨምርላታለን። ትክክለኛውን የምድር ከፍታ ያገኘነው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ለክታ ካመጣችው፣ ይህም በነጻ ከሚገኝ መረጃ ነው።

ይህ እርማት ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ወርዶ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ታችኛው ቦታ ከላይኛው ሊበርድ ይችላል። ስለሆነም የሌሊቱን ሙቀት እርግጠኛ እንዳልሆንን በሚያሳይ ምልክት እናወጣዋለን።

የሰዓት ነገር

መረጃው የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ተማሪዎቻችን 3 ደመሩና በዚያው ቆሙ። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ግን ከጠዋቱ ስለሚጀምር ከዚያ ላይ 6 መቀነስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የግሪንዊችን ሰዓት ወደ አገራችን አቆጠር ለማምጣት 3 መደመር ሳይሆን 3 መቀነስ በቂ ነው፤ የግሪንዊች 12 ሰዓት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህን አንባቢ ያስታውሰው፤ ቀጥሎ ያስፈልገናልና።

የጠፋው ዝናብ

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ከተማሪዎቻችን አንዱ ምሥራቅ ጎጃም ለሚገኙት አባቱ ስልክ ደወለ። አባቱ ጤፋቸውን ወቅተው በነፋስ ከእብቁ ለመለየት ይጠባበቁ ነበር። ካርታችን በማግስቱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቀላል ካፊያ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ደረቅ አየር ያሳይ ስለነበር ልጁ ይህንኑ ነገራቸው። አባትም እስከ 9 ሰዓት ድረስ ጤፉን በሸራ ሸፍነው ቆዩ፤ ከዚያም ነፋሱ ሲነሳ ገለጡት። 10 ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ከአውድማው የሚበልጠው እጅ ራሰ።

በስልክ ሲነጋገሩ አባቱ አልተቆጡም። “ደመናው አላማረኝም ነበር፤ አንተ አይዘንብም ስትል ጊዜ ነው የገለጥኩት” ብቻ አሉት።

እኛ በመጀመሪያ “ትንበያ መቼም ይስታል” ብለን ልናልፈው ነበር። ልጁ ግን አላለፈውም። ካርታውን ትቶ ዋናውን ፋይል ከፍቶ ቁጥሩን ሲያነብ፣ ከ9 እስከ 12 ሰዓት 3 ሚሊሜትር ዝናብ እንደሚጠበቅ በግልጽ ተጽፎ አገኘው። ትንበያው አልሳተም ነበር፤ ዝናቡን ያጠፋነው እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞዴሉ ዝናብን የሚጽፈው በባልዲ እንደሚያጠራቅም ሰው ነው፤ ውኃው እየተደመረ ይሄድና በየ6 ሰዓቱ ባልዲው ተደፍቶ እንደገና ከባዶ ይጀምራል። በእኛ አቆጣጠር የሚደፋው ሁልጊዜ በ3 ሰዓትና በ9 ሰዓት፣ ቀንም ሌሊትም ነው። እኛ ደግሞ የየ3 ሰዓቱን ዝናብ ለማግኘት ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ የበፊቱን እንቀንስ ነበር። በ9 ሰዓት ባልዲው ውስጥ 4 ሚሊሜትር ነበር፤ ተደፋ፤ በ12 ሰዓት 3 ሚሊሜትር ተገኘ። ፕሮግራማችን 3 ሲቀነስ 4 ብሎ አሉታዊ 1 አገኘ። ከዜሮ በታች የዘነበ ዝናብ!

ታዲያ ይህ ቁጥር ለምን አላስደነገጠንም? ከወራት በፊት እንዲህ ያሉ አሉታዊ ቁጥሮችን አይተን ነበር። ቁጥሮች በፋይል ውስጥ ሲጻፉ ስለሚጠጋጉ ከዜሮ በጥቂቱ ዝቅ የሚል ልዩነት ሊፈጠር እንደሚችል ስለምናውቅ፣ መጠናቸውን ሳንመረምር “ከዜሮ ካነሰ ዜሮ አድርገው” የሚል አንድ መስመር በፕሮግራሙ ላይ ጨመርን። ከማጠጋጋት የሚመጣ ስህተት የሚሊሜትር ጥቂት ክፋይ እንጂ ሙሉ ሚሊሜትር አይሆንም። ያቺ መስመር ካርታውን አጸዳችልን፤ ባልዲው በተደፋ ቁጥር ግን ዝናቡን ታሳንሰው ወይም ጨርሳ ታጠፋው ነበር። በደጋማው አገራችን ደግሞ ዝናብ በብዛት የሚጥለው ፀሐይ ምድርን ካሞቀች በኋላ፣ ከቀትር ወዲህ ነው። ያጠፋነው እንግዲህ ዋናውን ሰዓት ነው።

ሪቻርድሰን የማይሆን ቁጥር ሲያገኝ ከነነውሩ ለዓለም አቀረበው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ስሌቱን ደግመው ሲመረምሩ፣ ጥፋቱ ከዘዴው ሳይሆን በመነሻው ልኬቶች ውስጥ ከነበረ አለመጣጣም እንደመጣ፣ መነሻው ቢስተካከልም ምክንያታዊ ውጤት እንደሚገኝ አረጋገጡ። ቁጥሩን ደብቆት ወይም ወደ ዜሮ መልሶት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተገኘ ነበር። እኛ የማይሆነውን ቁጥር ስናገኝ ዝም አሰኘነው።

ያሻሻልነው

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ለወጥን። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ የዝናብ ቁጥር ጋር የተጻፈውን መነሻና መድረሻ ሰዓት ያነባል፤ የሚቀንሰውም በአንድ ባልዲ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የየ3 ሰዓቱን ዝናብ መልሶ ይደምርና ከባልዲዎቹ ድምር ጋር ያስተያያል። ውኃ በከንቱ አይጠፋምና ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ካርታው አይወጣም። ሦስተኛ፣ “ዝናብ የለም” እና “መረጃ የለም” ቀድሞ አንድ ዓይነት ነጭ ቀለም ነበራቸው፤ አሁን መረጃ የሌለበት ቦታ ግራጫ ሆኗል።

የመረቡን ዓይኖች ጠርዝም በቀለም ማለስለስ አቆምን። የለሰለሰ ካርታ ያምራል፤ ነገር ግን ሞዴሉ የማያውቀውን የየመንደሩን ዝናብ የሚያውቅ ያስመስለዋል። በካርታው ግርጌ ትንበያው የተሰላበት ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ተጽፏል፤ ማስጠንቀቂያና ይፋዊ ትንበያ ግን ከኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲወሰድ ተመልክቷል። ከፋኩልቲው ጀርባ አንድ የዝናብ መለኪያ ተክለናል፤ ያ ተማሪም በየማለዳው እያነበበ ከካርታው ጋር ያስተያያል። የአንድ ነጥብ ልኬት የ28 ኪሎ ሜትርን አማካይ በትክክል ሊወክል ባይችልም፣ የሚደጋገም ስህተትን ግን ያጋልጣል።

ውድ አንባቢያን፣ መረጃው ለእናንተም ክፍት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ይህችን ጥያቄ በእርሳስ ሥሩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተደፋው ባልዲ በቀኑ 6 ሰዓት 1.5፣ በ9 ሰዓት 4 ሚሊሜትር ያሳያል፤ ተደፍቶም በ12 ሰዓት 3፣ በምሽቱ 3 ሰዓት 3.5 ሚሊሜትር ይሆናል። በየ3 ሰዓቱ ስንት ዘነበ? ድምሩ 7.5 ሚሊሜትር ካልመጣላችሁ፣ ወይም በመካከሉ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ካገኛችሁ፣ አትሰርዙት፤ ከየት እንደመጣ ፈልጉ።