የታገደ ዋይፋይ በሊኑክስ ላፕቶፕ

በሊኑክስ የሚሠራ ላፕቶፕ ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ሲል ካርዱ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ጥገና ቤት ቢወሰድም፣ አንዳንዴ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ የታገደው የሬዲዮ ሞገዱ ብቻ ነው። እገዳውን የሚቆጣጠረው አርኤፍኪል የተሰኘው የከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ክፍል ሲሆን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት በተርሚናል ላይ «አርኤፍኪል ሊስት» ተብሎ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መሣሪያው በሶፍትዌር ወይም በሃርድዌር መታገድ አለመታገዱ ይታያል። የመጀመሪያው «አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» በሚለው ትእዛዝ ይነሳል።

የሃርድዌር እገዳ ግን ለትእዛዝ አይበገርም፤ በላፕቶፑ ጎን ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወይም ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የሚከፈተውን የባዮስ ማስተካከያ መፈተሽ ግድ ይላል። እጅግ የሚያደናግረው ማብሪያ ማጥፊያ ጭራሽ የሌለው ላፕቶፕ «ታግዷል» ሲል ነው። በአንዳንድ የሌኖቮ ሞዴሎች ላይ «አይዲያፓድ ላፕቶፕ» የተባለው ሞጁል፣ ማለትም የላፕቶፑን ልዩ ቁልፎች ከከርነሉ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ የሌለውን ማብሪያ ጠፍቷል እያለ ይዘግብ ነበር፤ ሞጁሉ እንዳይጫን መከልከል ዋይፋዩን ቢመልስም ልዩ ቁልፎቹን ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ከርነሉን ማደስ ይመረጣል።